የሸፊቅ ሰማያዊ ወረቀት

በእኛዋ የቦስኒያ ከተማ ሰው ሲሞት ስሙና ፎቶው ታትሞ ገበያው መግቢያ ያለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የወረቀቱ ጠርዝ አረንጓዴ ከሆነ ሟቹ ሙስሊም ነው፤ ጥቁር ከሆነ ክርስቲያን። ሰማያዊው ከሁለቱም አይደለሁም ላለ ሰው ነው። ሸፊቅ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ። «ድራጊጻ፣ አደራ! እኔን በሰማያዊ።»

የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሙስሊም ሆኖ ካቶሊኳን ካታን አገባ። በጦርነቱ ጊዜ «የማን ወገን ነህ?» ሲሉት «የካታ» ይል ነበር፤ እንዴት እንደተረፈ እንጃ። በኋላ ቦስኒያችን ውስጥ ሁሉም ለየወገኑ ፓርቲ ሲያቋቁም፣ እሱ ሁላችንንም የሚይዝ የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ብሎ ሰበሰበን። ምርጫ በመጣ ቁጥር እንሸነፋለን። አንዴ አንድ የምክር ቤት ወንበር አገኘን፤ ያሸነፈውም ሰውዬ በወሩ ከድቶን ወደ ትልቁ ፓርቲ ገባ። ሸፊቅ ግን የቢሮው ምድጃ መቼ እንደሚለኮስ እንኳ በድምፅ ነበር የሚያስወስነን። እጅ እኩል ከሆነ የሊቀመንበሩ፣ የእሱ፣ ድምፅ ይወስናል። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ማንሳት ታክቶኝ ነበር።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተ። ካታ ቀድማው ስላረፈች ወረቀቱን የሚያሳትምለት ከእኛ ሌላ አልነበረም። የቀረነው ስምንት አባላት ተሰበሰብን።

«አረንጓዴ ይሁን» አለ ብራኖ፣ ራሱ ክርስቲያን ሆኖ። «በሰማያዊ ከለጠፍነው ሙስሊሞቹ እግዜር የለሾች ብለው አይመርጡንም።»

«አሁንስ መቼ መረጡን?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! እሱ እንደሆነ አያነበውም።»

«አፈር ብላ!» አልኩት።

እጅ ተቆጠረ፤ አራት ለአራት። ሳናስበው ሁላችንም ወደ ባዶው የሊቀመንበር ወንበር ዞርን። ስብሰባው ለነገ ተቀጠረ።

እኔ ግን በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። «ሰማያዊ» አልኩ። አታሚው «ከሥር የለጠፈው ማን ነው ብዬ ልጻፍ? ፓርቲው?» አለኝ። ፓርቲው መቼ ወሰነ! «ጓደኛው ድራጊጻ በል።» ራሴው ለጠፍኩት።

ብራኖ በማግስቱ ግድግዳው ሥር አገኘኝ። «ያለ ድምፅ? ሸፊቅ ቢያይ ምን ይል ነበር?»

ልክ ነው። ሸፊቅ ቢኖር ከፓርቲው እንድባረር ድምፅ ያሰጥ ነበር፤ መጀመሪያ እጁን የሚያነሳውም እሱ ነበር።