የጃንደረባው ዘፋኝ ሥዕልና ባለቤቱ

በዚያ ቅዳሜ ሳሎኔ ውስጥ የተቀመጥነው እኔ፣ ያኔ ሃይስኩል የነበረችው ልጄ፣ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ፣ አብራኝ ሆም ኬር የምትሠራ ጓደኛዬ፣ እና ሙሾ የሚያወርዱ አንዲት የወሎ እናት ነበርን። ግድግዳው ላይ የዘፋኙ ሥዕል ነበረ። መምጣት የነበረበት አንድ ሰው ግን አልመጣም። የሥዕሉ ባለቤት እሱ ነው።

የተቀመጥነው ለለቅሶ ነው። የሞቱት ሰው ያገሬ ሰው አይደሉም። እዚሁ ሰፈራችን ሬኒየር ቫሊ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዘፈን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው። ሲሞቱ የወንድማቸው ልጅ ከሌላ ስቴት መጣ፤ አስከሬናቸውን አስቃጥሎ፣ ማንንም ሳይጠራ ተመለሰ። ሰው ሞቶ እንዲህ ዝም ሲባል እኔ አልችልም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ የሰሙ መጡ።

ሥዕሉን መጀመሪያ ያየሁት ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ነው። ቀይ ካባ የለበሰ፣ ጢም የሌለው ጣልያናዊ ወጣት ነው። ደረቱ ላይ ኒሻን አለ፤ ፀጉሩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነው። ዋናው ሥዕል አውሮፓ ነው አሉኝ፤ ይሄ ግልባጩ ነው፣ ፍሬሙ ግን እንደ በር ይከብዳል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። የገላ ውሃ በክርኔ ሳልለካ፣ ምድጃውን ተመልሼ ሳላይ አልወጣም። ሰላም ካልኳቸው በኋላ መጀመሪያ የተናገርኩት ስለ ምስማሩ ነበር።

«ተኝተው ሳለ ቢወድቅብዎትስ?»

«ነገሥታት ፊት ቆሞ አልወደቀም» አሉኝ። «እኔ ላይ አይወድቅም።»

ቢሆንም እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ በሳምንቱ ተማሪያቸው አንስቶ በሩ አጠገብ ሰቀለልኝ።

ይሄ ተማሪ ያገራችን ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያዎቹን የጀመረ። ባቡሩ በሰፈራችን ማለፍ በጀመረ ሰሞን ነው ያወቅሁት። ረጅም ነው፣ ጢሙ ሙሉ ነው፣ ሲናገር እንደማንኛውም ወንድ ነው። ሲዘፍን ግን ድምፁ ከሴት ድምፅ በላይ ወጥቶ እዚያው ይቆያል። ማንም ምንም አላደረገውም፤ የራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ሳቁበት። አባቱ «ወይ እንደ ወንድ ዘምር፣ ወይ ዝም በል» አሉት። ከዚያ ከቤት ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው።

«‹እህታችን› ነው የሚሉኝ፣ ማዘር» አለኝ አንድ ቀን ብርቱካን ስልጥ። «ሶ፣ የእናቶች ቀን ለሴቶቹ ሁሉ አበባ ሲያድሉ ለምን እኔን ዘለሉኝ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን ብርቱካኑን አልበላም።

የዘፋኙን ታሪክ የሰማሁት ከሁለቱ ነው። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ያልገባኝን ልጁ ይተረጉምልኛል። በልጅነቱ ድምፁ እንዳይጎረንን ሰለቡት አሉኝ።

«ጃንደረባ ነዋ» አልኩ።

ጃንደረባ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሠረገላው ላይ ሆኖ መጽሐፍ ሲያነብ ተገኝቶ የተጠመቀውን። ስለ እምነቱ ብዙ ሰምቻለሁ። ልጅ ሳለ፣ ሲሰልቡት አንድ ሰው ይዞት እንደነበር ግን አስቤው አላውቅም። ሥዕሉን ቀና ብዬ አየሁት።

«እናቱስ የት ነበረች?»

ልጁ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው «እሷን የሳላት የለም» አሉ።

እሱን ግን ደጋግመው ስለውታል። ሐዘን ለያዘው ንጉሥ በየምሽቱ ይዘፍንለት ነበር አሉ። ሀብታም ሆኖ አረጀ። ልጅ ስላልነበረው ዕቃው ለዘመድ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ተበታተነ። ፊቱን ዛሬም እናየዋለን፤ ድምፁ እንዴት እንደነበረ በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም።

ተማሪው ያን ቀን የመጣው ዘፈን ማቆሙን ሊነግራቸው ነበር። ሲነግራቸው አልተቆጡም።

«እሱን ሲቆርጡት አልጠየቁትም» አሉት። «አንተን ማንም አልነካህም። ለምን ራስህ ትቆርጠዋለህ?»

ሥዕሉን አሳዩትና «ያንተ ነው፣ ውሰደው» አሉት።

«መኪና ውስጥ የት ልስቀለው? ግድግዳ ሲኖረኝ እወስደዋለሁ።»

ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ኮል ሳደርግ ስልኩ አይሠራም። ሽማግሌው ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ያዩ ነበር። ሊሞቱ አካባቢ «ወሰደው?» ይሉኛል። «ገና ነው፣ ይመጣል» እላቸዋለሁ። የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሲያስጠርግ «የምትፈልጊውን ውሰጂ» አለኝ፤ ሥዕሉን ብቻ ይዤ መጣሁ።

በለቅሶው ቀን ጎረቤቴ ሥዕሉን አይታ እንባዋ መጣ።

«ውይ፣ በወጣትነታቸው እንዴት ያምሩ ነበር።»

«ፀጉራቸው ግን ያኔም ሽበት ነው» አለች ጓደኛዬ።

«የፈረንጅ ሽበት ቶሎ ነው የሚወጣው።»

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማሚ፣ ዛት ኢዝ ናት ሂም» አለችኝ፤ እሳቸው አይደሉም ማለቷ ነው። ጉልበቷን ያዝ አደረግኋት። ለዘፋኙም ቢሆን ያለቀሰለት ልጅ የለም፤ ምን ይጎዳል ብዬ ተውኩት።

የወሎዋ እናት ሙሾ ሊያወርዱ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ልጃቸው ማን ይባላል?»

«ልጅ የላቸውም።»

«የወንድም ልጅስ?»

«ሄዷል።»

«ታዲያ የማንን ስም ልጥራ? ሰው የሌለው ሰው አለ?»

«ተማሪ አላቸው» አልኩ።

«የታለ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የማንንም ስም ሳይጠሩ ቀስ ብለው አወረዱት፦

«መልክ በግድግዳ ይቀራል ተሰቅሎ፣
ድምፅን ማን ያዘልን ከጉሮሮ ነጥሎ።»

ስለ ሥዕሉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ልጄ እንኳን አለቀሰች።

ከለቅሶው በኋላ የተማሪውን አባት ፈልጌ አገኘኋቸው። ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው መሪውን እንደያዙ ነበር። ሰላም ብዬ «ልጅዎ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«የሰማሽ እንደሆነ ለእኔም ንገሪኝ» አሉኝ።

እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ቤት ስቀይር ሥዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ምስማሩን አሁንም ማታ ማታ እነካዋለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ በየትኛውም ከተማ፣ ረጅም፣ ጢማም፣ ሲዘፍን ድምፁ ከሴት ድምፅ በላይ የሚወጣ ያገራችን ሰው ካያችሁ፣ መምህሩ ማረፋቸውንና ሥዕሉ እኔ ዘንድ መኖሩን ንገሩልኝ። መምጣት ባይፈልግም ግድ የለም። ደህና መሆኑንና መዝፈን አለመተዉን ብቻ አሳውቁኝ።