ከቫል ወንዝ ማዶ ያለው የኤርሲዶ ቤት

ንጋት፣ ጀርሚስተን

ገና ሳይነጋ ተነሣን። ሐምሌ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ሐምሌ ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው። ጋሽ ላምቦሬ የመኪናቸውን የፊት መስታወት የሸፈነውን ውርጭ በአሮጌ የባንክ ካርድ ሲፍቁ፣ እኔ ከጎን ቆሜ እጄን በትንፋሼ አሞቃለሁ። መንገዱ ዳር ታክሲ የሚጠብቁ ሴቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመዋል።

ጋሽ ላምቦሬ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ሁለቱም የሆሳዕና ሰዎች። ከጆሃንስበርግ የጅምላ መደብሮች ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና በፒክአፓቸው እየጫኑ፣ ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ ለከፈቱ ወገኖቻችን ያደርሳሉ። የእኔ መኪና ጋራዥ ስለገባች ዛሬ ከዱቄቱ ጋር እኔንም ጫኑኝ።

ሥራዬ ቤት መገመት ነው። ፈቃድ ያለኝ የንብረት ገማች ነኝ። ፈቃዴ በደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ ያሠራኛል፤ የጆሃንስበርግን ዋጋ ይዤ ወንዝ መሻገር ግን አልችልም። በሄድኩበት ከተማ በቅርብ የተሸጡ ቤቶችን ማየት፣ ደላሎችን ማነጋገር፣ አፈሩን ሳይቀር መጠየቅ አለብኝ። የዛሬው ደንበኛ ኤርሲዶ ይባላል፤ የጋሽ ላምቦሬ ደንበኛም ነው። ጎረቤቶቹ ለቤቱ ዝቅተኛ ዋጋ ስለነገሩት፣ ቋንቋውን የምትችል ገማች ፈልጉልኝ ብሏቸው ነው የተገናኘነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

የቫል ወንዝ

ፀሐይ የወጣችው ቫል ላይ ስንደርስ ነው። ከወንዙ ጉም ይነሣል፤ ዳርና ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ድልድዩን ስንሻገር የጆሃንስበርግ ክፍለ ሀገር ጋውቴንግ አለቀ፤ ፍሪ ስቴት ገባን። ከዚያ ወዲያ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። በቆሎው ታጭዶ አገዳው ቀርቷል፤ ሩቅ ለሩቅ የቆሙት የእህል ጎተራዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ይበልጣሉ።

ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመን ትኩስ ማግዊንያ በሻይ በላን፤ ከኛ ፓስቲ ብዙም አይለይም፣ ብቻ ይወፍራል። ጋሽ ላምቦሬ ስለ ኤርሲዶ የነገሩኝ እዚያ ነው። የዛሬን አያድርገውና ሲመጣ ልጁ ገና መዳህ ጀምራ ነበር አሉ። ሎኬሽን በሚሉት በከተማው ዳር ባለ የድሆች ሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ ተዘረፈ፤ እንደገና ከፈተ። በኋላ ከተማው መሐል ቤት ገዛ። ሚስቱና ልጁ እንዲመጡ ቪዛ በተጠየቀ ቁጥር መልሱ እምቢ ሆነ። እሱም በያዘው የጥገኝነት ወረቀት አገሩ ደርሶ መመለስ አይችልም። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

እስከ ዛሬ የሚተኛው ከሱቁ ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያዎች መሐል እንደሆነ ሲነግሩኝ ገረመኝ። ቤት እያለው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እኔም ጠይቄው ነበር» አሉኝ። «ብቻዬን ከገባሁበት የብቸኛ ሰው ቤት ይሆናል አለኝ።»

አሁን ለምን እንደሚሸጠው ግን ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። ሆሳዕና ውስጥ ኤርሲዶ ደቡብ አፍሪካ ሌላ ሴት አግብቶ ወልዷል የሚል ወሬ ተነሥቷል። ሚስቱ አስቴር ብዙ ታግሣ በመጨረሻ ላከችበት፤ ወይ ሸጠህ ና፣ ወይ ደግሞ ቁርጤን አሳውቀኝ።

ከተማዋ

ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ሰፊ ጎዳና፣ ሁለት ባንክ፣ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ። ኤርሲዶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የሚያልፉትን ሁሉ በሶቶ ቋንቋ «ዱሜላ» እያለ ሰላም ይላል፤ እነሱም በስሙ ይጠሩታል። እኛን ሲያይ ለሰላምታ እጁን በሱሪው ጠራረገ።

ቤቱ የቀይ ሸክላ ጡብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ ቅጠል ያራገፈ የኮክ ዛፍ። እኔ ልማዴ ከውጭ መጀመር ነው። ጥጉ ላይ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ አየሁ። የዚህ አካባቢ ጥቁር አፈር ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግድግዳው አብሮት ይሰነጠቃል። ኤርሲዶ ዓይኔን ተከትሎ በየዓመቱ እየደፈነው እንደኖረ በሐፍረት ነገረኝ። መሠረቱ ደህና እንደሆነ ስነግረው ተነፈሰ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። ብዙ ባዶ ቤት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ባዶ ግን አላየሁም። ወለሉ ያበራል። ምድጃው ላይ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንደተለጠፈ ነው። ሳህኖቹ ከነካርቶናቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ ራስ ያረፈበት ምልክት የለም። ምድጃ፣ አልጋና መጋረጃ በቤቱ ግምት ውስጥ እንደማይገቡ አስረዳሁት። «አውቃለሁ» አለኝ፤ ግን አንድ በአንድ ማሳየቱን አልተወም።

ጓዳውን ስለካ የኤርሲዶ ስልክ ጠራ። አስቴር ናት፣ በቪዲዮ። ገና ሰላም ሳትለው የሴት ድምፅ ሰምታ ማን እንደሆነች ጠየቀችው። ቤቱን የምትገምተው ልጅ ናት አላት። ስልኩን ለእሷ ስጣት አለችው። ሰጠኝ፤ ወጥቶም በረንዳው ላይ ቆመ።

ፊቷ ረጋ ያለ ነው። እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ አለችኝ፤ እየዞርኩ ሁሉንም እንዳሳያት ለመነችኝ። እንደ ሥራዬ ክፍል በክፍል ሄድኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሳሙና ብቻ አለ። መኝታ ቤት ስንገባ ቆመች።

«ቁም ሳጥኑን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩት። የዋጋ ወረቀታቸው ያልተነሣ ሦስት ቀሚሶች ተሰቅለዋል። አስቴር ቀረብ አድርጊው አለችኝና ብዙ አየቻቸው። ሁሉም እሱ ሲሄድ በነበራት ቀጭን ልክ የተገዙ ነበሩ። «አይገቡኝም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ቀጥሎ የልጅቷ ክፍል ነበር። ሮዝ ቀለም፣ ወንበሯ አጭር፣ አልጋዋ አጭር፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋም ገና መዋለ ሕፃናት ለምትገባ ልጅ የሚሆን። አስቴር «ቤቲ፣ ነይ» ብላ ተጣራች። ረጅም ጠይም ልጅ በእናቷ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ አየች።

«እማዬ፣ አልጋው የማን ነው?» አለች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። በረንዳው ላይ የቆመው ሰው ፊቱን ወደ ግቢው ሲያዞር አየሁት። አስቴር የቤቱን ፎቶዎች እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ቁጥሬን ሰጠኋትና ስልኩ ተዘጋ።

መለኪያዬን ሰብስቤ ስወጣ ኤርሲዶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ዋጋው የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ አባትሽ ጋ የመጣሽው ልጅ ሆነሽ ነው አሉ። አወቅሽው?»

እሱን ለማስደሰት ብዬ መዋሸት አልፈለግሁም። ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ የእናቴን እጅ ይዤ ስወርድ አበባ የያዘ ሰው አቀፈኝ፤ ከእቅፉ ለመውጣት ታገልኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የምጠራው «ጋሼ» እያልኩ ነበር፤ እንደ እንግዳ። እሱም አንድም ቀን አላረመኝም። ይህንኑ ነገርኩት።

«በኋላስ?»

«በኋላ አባዬ አልኩት። መቼ እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናስታውስም።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያላልኩት ደግሞ አለ። አባቴን እወደዋለሁ፤ አብረን ያልኖርነው ያ ዘመን ግን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ሰው ያላየውን ነገር እንዴት እንደሚናፍቅ ማስረዳት አልችልም።

ኤርሲዶ ከሱሪው ኪስ ቁልፉን አወጣና ደላላው ዛሬ እንዲመጣ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የሚገዙት ባልና ሚስት መምህራን እንደሆኑ፣ ልጆች እንዳሏቸውም ጨመረልኝ። ዋጋውን ከመስማቱ በፊት ሸጦ አገሩ ለመግባት ወስኖ ነበር።

መመለሻ፣ ጀርሚስተን

ማምሻውን ከጋሽ ላምቦሬ ጋር ተመለስን። ፀሐይ በአገዳው ላይ ስትጠልቅ መስኩ ሁሉ ቀላ፤ ቫልን ስንሻገር ወንዙ አይታይም ነበር። ጆሃንስበርግ ከሩቅ መብራቷን ዘርግታ ጠበቀችን።

ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጠራ። አስቴር ናት፤ ያለ ቪዲዮ። ፎቶዎቹ ስለደረሷት አመሰገነችኝ።

«እህቴ፣ ስልክ ብዙ ይደብቃል» አለች። «አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል። እንዴት ሆኗል?»

የጠየቀችኝ እውነቱን ነው። ከስቷል አልኳት። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ የቀረው ሸብቷል። ጉልበቱን ያመዋል መሰለኝ፤ ከተቀመጠበት ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል። ግንባሩ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፤ ከዝርፊያው ይሆናል። ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ፤ የለም አልኳት።

«እንግዲያው እንዳለ ይምጣ» አለች።