ከጎኔ ያለው ቦታ

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ድንጋይ ሲንጋደድ ግን አልወድም። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ አዳማ ውስጥ ግንበኛ ሆኜ ነው።

የደብራችን አጥር ሲሠራ ድንጋዩን በነጻ ደረደርኩ። ካህናቱም አመስግነው ከግቢው ጥግ የመቃብር ቦታ ሰጡኝ፤ ለእኔና ለሚስቴ። ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ ገነባሁት፣ መሃሉን በስስ ግንብ ለየሁት፣ ከላይ ለየጉድጓዱ የሲሚንቶ ክዳን ሠራሁለት። ሚስቴ መጥታ አየችና «የእኔ ለምን ጠበበ?» አለች።

«አንቺ ቀጭን ነሽ» አልኳት። ያኔ እንዲህ እንቀልድ ነበር።

ኋላ መልካሳ ያለችው እህቷ ጸሎት ቤት ወሰደቻት። አንዴ ሄደች፣ ደግማ ሄደች፣ ከዚያ አንድ ቀን መጥታ «ጌታን ተቀበልኩ» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ ማንን ይዘሽ ነበር?» አልኳት።

እኔን ያንገበገበኝ ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም። ጴንጤ የሆነ ሰው ደብራችን ግቢ አይቀበርም። የእነሱ መቃብር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ አጥር እንኳ የለውም፣ ነፋሱ አቧራውን ሲያንከባልልበት ይውላል። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ልንተኛ ነው? ተናደድኩና አልጋዬን ሳሎን አወጣሁ። «እስክትመለሺ ድረስ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

«ሳሎኑ ይሞቅሃል፣ መስኮቱን ክፈተው» ብላ ትራስ አመጣችልኝ።

ግራ የገባኝ እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ ነው። እሷ መጾም ትታለች፤ የእኔን ጾም ግን ከእኔ ይልቅ የምትጠብቀው እሷ ናት። ረስቼ ወተት ሳነሣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ!» ብላ ከእጄ ትነጥቀኛለች።

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም አያገባኝም። ነገ ሲጸጽትህ ጭቅጭቅህን የምሰማው ግን እኔ ነኝ።»

እኔም ብሆን ጉልበቷን ስለሚያማት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጸሎት ቤቷ ድረስ ሄጄ አመጣታለሁ። ውስጥ አልገባም። በር ላይ ካለችው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ሲዘምሩ እሰማለሁ። አንዳንዴ እግሬ ሳላስበው መሬቱን መምታት ይጀምራል። «አርፈህ ቁም!» እለዋለሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ፣ ዘመድ የሚባል የሌላቸው፣ ጾም ጸሎታቸው የጠና። ሚስቴ ጠዋት መዝሙሯን ስትጀምር «ይህችን ሴትዮ ዝም አሰኟት፣ ጆሮዬን ፈጀችው!» ብለው ይጮሁ ነበር። ታመው ሲተኙ ግን ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ሚስቴ ናት። ትንሽ ሲሻላቸው ተነሥተው መልሰው ይሰድቧታል። እሷ ትስቃለች።

ባለፈው ክረምት አረፉ። በማለዳ የእድራችን ዳኛ መጣና «አካም ቡልታን» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ካለን በኋላ ገና ሳይቀመጥ፣ «ደብሩ ሞልቷል፣ መቃብር የለም አሉኝ። የት እናድርጋቸው?» አለኝ።

ሚስቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «የእኔ ቦታ አለ አይደል?» አለች።

«ብትመለሺስ?» አልኳት።

«አልመለስም።» በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ሹሮው ደርሷል የምትል ነበር የሚመስለው። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሞቼ ከጎንህ እንድተኛ ይሄን ያህል ካስጨነቀህ፣ በሕይወት እያለሁ ሳሎን ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

ዳኛው ሳቁ እንዳያመልጠው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ዲጂኖዬን ይዤ ወጣሁ።

ደብሩ ግቢ ስደርስ የእሷ ክዳን ላይ ተቀመጥኩ። ከተነሣሁ ማለቁ ነው፤ እሷና እኔ አንድ ላይ አንቀበርም። ዳኛው ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ፣ «በዚህ ዕድሜህ ሁለተኛ ሚስት ከጎንህ ማስተኛት ነው የምትፈራው?» አለኝ።

«አርፈህ ሂድ!» አልኩት። አልሄደም። አጠገቤ ተቀመጠ። አሮጊቷ እቤት ተገንዘው እየጠበቁ ነው። የሞተ ሰው መቃብር አጥቶ ሲጠብቅ፣ እኔ በሕይወት ላለች ሰው ጉድጓድ እጠብቃለሁ። ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ ቂጤን አነሣሁ። ካህናቱን አስፈቅደን ክዳኑን በዲጂኖ ስንፈነቅለው ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ድንጋዩ እንደ ደረደርኩት አለ።

ቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ሚስቴ ናት፤ ሲሰድቧት ለኖሩት አሮጊት። አስከሬኑ ሲወርድ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣ «ጠባብ ነው ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። በለቅሶ መሃል ሳቄ መጣብኝ፤ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

ለሟቿ ለቅሶ የሚቀመጥ ዘመድ ስላልነበረ ሰው ሁሉ የመጣው እኛ ቤት ነው። የእድር ሴቶች ሳሎኑን ለለቀስተኛ ሲያመቻቹ አልጋዬን አንሥተው መኝታ ቤት፣ የሚስቴ አልጋ ጎን አስገቡት። ማንም አልጠየቀኝም። ሠልስቱ ወጥቶ ወንበሩ ሲመለስ ሳሎኑ ባዶ ሆነ። ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ መሃሉ ላይ ቆመችና፣

«አልጋህን ልመልስልህ?» አለችኝ።

«ይቆይ» አልኳት።

ቦታውን መስጠቴን ካህኑ ለነፍስህ ስንቅ ነው ይሉኛል። ሚስቴ የጌታ ሥራ ነው ትላለች። እኔ ግን አጥቼ ይሁን አግኝቼ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ያ ቦታ ትዝ ሲለኝ አሁንም ይቆጨኛል። ጠዋት እሷ ዓይኗን ጨፍና ጮክ ብላ ስትጸልይ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አማትቤ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። ስትጨርስ አሜን እላለሁ። ለየትኛው ጸሎት እንደሆነ አልጠይቅም፤ እሷም አትጠይቀኝም።