በአዘቦት ልብስ ያዩአት እህቴ

ባለፈው ቅዳሜ አምቦ ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ደረስኩ። ነጋዴው ማሰሪያውን ቆርጦ ከረጢቱን ሲከፍተው ያ ሽታ ወጣ፤ የብል መድኃኒት፣ የታፈነ ጨርቅና የማናውቀው አገር ሳሙና የተቀላቀለበት፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ የሰልባጅ ሽታ። ሴቶቹ እየተሻሙ እጃቸውን ሲከቱ እኔ ልጄን ሲፈንን እንደያዝኩ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የመጣሁት ለእሷ ሹራብ ልገዛ ነበር። አንድ ደህና አድርጎ የሚያሞቅ ቢጫ ሹራብ አንስቼ ጀርባዋ ላይ ለካሁት፤ ልኳ ነው። ወዲያው ግን ቀለሙ በዛ እንዴ፣ የወንድ ልጅ ይመስላል እንዴ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ብንሄድ ሴቶቹ ምን ይሉኛል እያልኩ ገልብጬ አገላብጬ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው። በአምስት ዓመት ልጅ ሹራብ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ሞኝ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ነው ያደግሁት፣ የሌሊሴ እህት ነኝ።

ጎጆን የማያውቅ ሰው ብርድ ስል ማታ ማታ ነጠላ የሚያስደርብ ብርድ ይመስለዋል። የእኛ ብርድ እንደዚያ አይደለም። ከጊንጪ ተነስቶ በዚያ ኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጨ የሚወጣው አውቶብስ ገና ከተማው ሳይደርስ ተሳፋሪው መስኮት መዝጋት ይጀምራል። ከጥቅምት በኋላ ጠዋት ስንነሳ የገብሱ ማሳ ላይ አመዳይ ተነጥፎ፣ የበጎቹ ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይጠብቀናል፤ በባልዲ ያደረው ውሃ ስስ ቆዳ ያወጣል፣ እኔና ሌሊሴም ያንን የበረዶ ቆዳ በጣታችን ሰብረን እንደ ብስኩት እንቆረጥመው ነበር። እማዬ ጥርሳችን እንዳይረግፍ ትጮህብናለች፤ እኛ ደግሞ እሷ ዞር ስትል ሌላውን ባልዲ እንፈልጋለን።

አባታችን ኦቦ ቶለራ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው የማሳውን ሥራ አብራው የምትሠራው ሌሊሴ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ከቀረ በኋላማ ከአባቴ ቀድማ የምትነሳው እሷ ሆነች። ያን አረንጓዴ ጃኬት የገዛችው ያኔ ነው፤ ኮፍያ ያለው፣ ውስጡ ጥጥ የተሞላ፣ እስከ ጭኗ የሚደርስ የወንድ ጃኬት። የስልጤው ቦንዳ ነጋዴ ለወንድምሽ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ ለእኔ ነው፣ ወንድሜም እኔው ነኝ ብላ ስትስቅ እሱም ስቆ ቀነሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃኬቱን ከቱታ ሱሪዋ ጋር ለብሳ ድንች ትቆፍራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ በግ ታስገባለች። ማታ ደግሞ ሁለታችን ከብርድ ልብሱ ላይ ደርበነው እንተኛለን። ክንዷ ሥር ገብቼ የጃኬቱን ሽታ ስስብ፣ ከሰልባጁ ሽታ ሥር የእሷ የአፈርና የወተት ሽታ ይመጣልኝ ነበር።

ቲቸር ገመቹ የጊንጪ ልጅ ነበር። ጎጆ ተመድቦ እኔ የምማርበት ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ይመታል፣ ሌሊሴም ከዘማሪዎቹ አንዷ ነበረች። መዋደዳቸውን ከሁሉም ቀድመን ያወቅን እኛ ተማሪዎቹ ነን። አረንጓዴው ጃኬት እንስራ ተሸክሞ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲያልፍ የቲቸር ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ይልና የጀመረው ማካፈል ሳያልቅ ይቀራል። እኛ ተያይተን እንስቃለን፤ እሱም ለምን እንደሳቅን እያወቀ ዝም በሉ ይለናል። ያን ዓመት መስከረም ላይ ለቤተሰቦቹ ተናገረ፤ እነሱም ልጅቷ ትታይ አሉ።

በእኛ በኩል ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከልጁ ወገን አንዲት ሴት፣ ብዙ ጊዜ አዳዳ የምንላት የአባቱ እህት፣ ማንነቷን ሳትናገር ወደ ልጅቷ ቤት ትሄዳለች። ዘር ድንች ልግዛ ትላለች፣ በግ ጠፋኝ ትላለች፣ ውሃ ጠማኝ ትላለች። የምትሄደው ልጅቷን በአዘቦት ልብሷ ለማየት ነው። እሑድማ ሁሉም የክቱን ለብሶ ይወጣል፤ ሰው የሚታወቀው ማንም አያየኝም ብሎ በሚለብሰው ልብስ ነው ብለው ያምናሉ። ቲቸር ገመቹ ቀኑን ባያውቀውም ሰው እንደሚመጣ በሹክሹክታ ለሌሊሴ ነገራት፤ ሌሊሴም ለእማዬ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ።

እማዬ ሌሊሴን በክት ቀሚሷ አሰረቻት ማለት ይቻላል። ያ ለገና የተሰፋላት፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው ሰማያዊ ቀሚስ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ተለበሰ። ሌሊሴ በቀሚሱ አዛባ ዛቀች፣ በቀሚሱ እንጨት ፈለጠች። ሌሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሚስ ለብሳ ስትቀርባት ላሟ አላወቀቻትም መሰለኝ፣ ባልዲውን ረግጣ ወተቱን ደፋችው። ውሻችን እንኳን ለሁለት ቀን ጮኸባት። ከሁሉም የሚያስቀው ሸክላ ሻጯ ናት። አንዲት የማናውቃት ሴት ማሰሮ ተሸክማ ደጃችን ስትደርስ እማዬ አዳዳ ናት ብላ ደነገጠች፤ ወተት አስቀረበች፣ ቂጣ በቅቤ አስለወሰች፣ ሌሊሴን ከፊቷ ሁለት ሦስቴ አመላለሰቻት። ሴትየዋ በልታ መርቃ ሄደች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያለ ማሰሮ መጣች። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ሌሊሴም ሳቀች። የእሷ ሳቅ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ በጎቹ እንኳ ቀና ይላሉ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማለዳ አመዳዩ ድንቹን ሊመታው ደረሰ። ቶሎ ካልወጣ እንደሚበላሽ አባቴ ስላወቀ ሁላችንም ሳይነጋ ማሳ ገባን። ቀሚሱ በዋዜማው ታጥቦ ገመድ ላይ በረዶ ይዞት እንደ እንጨት ደርቆ ስለነበር ሌሊሴ ቱታዋንና ጃኬቷን ለበሰች። እማዬ አየቻት፤ ልትናገር አፏን ከፍታ ብርዱን አይታ ተወችው። ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ስትል አንዲት ነጠላ ብቻ የለበሰች፣ ከንፈሯ በብርድ የጠቆረ ሴት ከመንገዱ ወርዳ ማሳው ዳር ቆመችና፣ ጎረምሳው፣ የኦቦ ቶለራ ቤት የቱ ነው አለች። ሌሊሴ ኮፍያዋን አወረደችና ሳቀች።

«ጎረምሳው እንኳን ሴት ነው፣ እናቴ። ቤቱ ይኸውልዎ፤ ግን እርስዎ በብርድ ሊሞቱ ነው» አለቻት።

ይህን ተናግራ ጃኬቷን አውልቃ ሴትየዋ ላይ ደረበችላት፤ እጀታውን ሳይቀር አስገብታ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችላት። እሷ በካናቴራ ቀረች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር። እሳት አቀጣጥላ ድንች ጠበሰችላት፣ ልጣጩን በጣቷ ላጠችላት። ሴትየዋ እሳቱ ዳር በሌሊሴ ጃኬት ተሸፍና ትኩስ ድንች እየበላች ሌሊሴን ከእግር እስከ ራሷ ታያት ነበር። ዘር ድንች ለመግዛት መጥቼ ነበር ብላ ሳትገዛ ተነሳች። ልትሄድ ጃኬቱን ልታወልቅ ስትል ሌሊሴ ከለከለቻት፤ እስከ ጊንጪ ይልበሱት፣ ሲመች በሰው ይላኩልኝ አለቻት። ሴትየዋም እንደለበሰችው አውቶብስ ተሳፍራ ወደ ጊንጪ ወረደች። ማን እንደነበረች የገባን እማዬ ከማሳው ማዶ መጥታ ጊንጪ የሚለውን ስትሰማ ነው። እማዬ ያፈሰችውን ድንች ለቀቀችው፤ እግሯ ሥር ተንከባለለ።

ጃኬቱ የተመለሰው በእኔ እጅ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቲቸር ገመቹ ሁሉም እስኪወጣ አስጠበቀኝና ለእህትሽ ስጫት ብሎ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ወሰድኩት፤ ስጦታ ነበር የመሰለኝ። ሌሊሴ ስትፈታው ጃኬቱ ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ ወጣ። ሌላ ምንም አልነበረም። ኪሶቹን ሁሉ ገልብጣ ፈለገች። ሲጨንቃት እኔን ምን አለሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ለእህትሽ ስጫት ብሎኛል አልኳት።

አዳዳ ምን ብላ እንደፈረደች በሳምንቱ ከኦርጋን መቺው ጓደኞች አልፎ ገበያ ወጣ፣ አባቴም እዚያው ሰማው። ልጅቷ ክፉ ልጅ አይደለችም ብላ ነበር አሉ የጀመረችው። ግን የማን እንደነበረ የማይታወቅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በሱሪ ተወጥራ፣ እንግዳ ፊት እንደ ሸክም አውራጅ ስቃ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳትጠይቅ በካናቴራ ፊቴ የቆመች ልጅ የመምህር ሚስት አትሆንም አለች። ቤተሰቡም ተስማማ። ቲቸር ገመቹም ተስማማ። ያን ጃኬት በየቀኑ በአጥሩ በኩል የሚፈልገው እሱ ነበር፤ ከአዳዳ አፍ ሲሰማው ግን አዲስ ነገር ሆነበት።

ከዚያ በኋላ ጎጆ እህቴን አልማረቻትም። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ልጆቹ፣ ጎረምሳው መጣ፣ ተራ ልቀቁለት ይላሉ፤ እሷ ስትቀርብ ለፌዝ ተነስተው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች መሪ ወሬው እስኪበርድ አረፍ በይ አላት፤ ወሬው በረደ፣ የሚጠራት ግን አልመጣም። እማዬ ጃኬቱን በቢላ ቆራርጣ የበጎቹን በረት ቀዳዳ ደፈነችበት። እየቆረጠችው ሌሊሴን ሳታያት፣ «ቀሚስሽን ለብሰሽ በብርድ ብትሞቺ ይሻልሽ ነበር» አለቻት። እማዬ ክፉ ሴት አልነበረችም። የምትፈራ ሴት ነበረች፤ የሚፈራ ሰው ልጁን እንዴት አድርጎ እንደሚጎዳ ዛሬ እኔ ራሴ እናት ሆኜ አውቀዋለሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ እጃጂ ከተማ ላይ እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜው ለአባቴ የሚቀርብ ሰው ሽማግሌ ላከ። ለማየት ማንንም አልላከም። እማዬ ለዚህ ብቻ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሌሊሴ እሺ አለች፤ ያን ዕለት የለበሰችው ሰማያዊው ቀሚስ ነበር። እሷ ስትሄድ ማሳውና ላሟ ለእኔ ቀሩ፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል ቀረሁ። ቲቸር ገመቹ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ለምን ቀረሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጫማውን እያየ ያልፈኛል። በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ከጎጆ ሄደ።

አምና ሲፈንን ይዤ እጃጂ ሄድኩ። ሌሊሴ ሦስት ልጆች አሏት፣ ቤቷ በቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ ቤት ነው፣ ምንም አልጎደላትም። እንደምመጣ ሳልነግራት ነበር የደረስኩት፤ እሷ ግን የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራ፣ ጫማ አድርጋ ጓዳዋ ውስጥ ምስር ትለቅም ነበር። ልጆቿ ከውጭ ሲገቡ በር ላይ ቆመው ልብሳቸውን ያራግፋሉ። ስናወራ አፏን በእጇ ሸፍና ፈገግ ትላለች፤ ሳቋን ግን ቀኑን ሙሉ ጠብቄ አልሰማሁትም። እያወራን ሳለ የባሏ ወንድም ልጅ ጤና ጣቢያ መቀጠሩን፣ አንዲት ልጅ መውደዱን፣ እሷንም ልጅቷን እንድታይ እንደላኳት ነገረችኝ።

«ሄድሽ?» አልኳት።

«ሄድኩ እንጂ። ውሃ ጠማኝ ብዬ ገባሁ። ልጅቷ ሳቂታ ናት፤ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን ወጣች። የማታውቀኝን ሴት እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ የራሷን በርጩማ ለቀቀችልኝ።»

«እና ምን አልሻቸው?»

«አትሆንም አልኳቸዋ፣ ቦንቱ። ምን እላለሁ?»

ፊቷን አየሁት። አንድ ነገር ትዝ ብሏት እንደሆነ ከዓይኗ፣ ከከንፈሯ፣ ከእጇ ፈለግሁ። ጠጠሩን ከምስሩ እየለየች ወደ አንድ ጎን ታደርግ ነበር።

«ውሃውንስ ጠጣሽው?» አልኳት።

«ጠጣሁት» አለች ቀና ሳትል፤ «እውነትም ጠምቶኝ ነበር።»

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ወደ መናኸሪያው ስወርድ ፊቷን አይቼ የማላውቃትን ያቺን ልጅ እያሰብኩ ነበር፤ ምን አጥፍታ እንደቀረች ማንም አይነግራትም፤ ምናልባት ያን ሰዓትም ደጅ ደጁን እያየች ሽማግሌ ትጠብቅ ነበር።