ሸሪፋ የቆለፈችው ታብሌት

ኑርሁሴን ቁጭ ሲል ያየው ሰው ደሴ ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረን። ሚስቱ ሸሪፋ እንኳ አሥራ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ እራቱን ተቀምጦ ሲጨርስ አላየችም። አንድ እግሩን ደጅ፣ አንድ እግሩን ቤት አድርጎ ነው የሚጎርሰው። ስልክ ከጮኸማ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ከግቢ ወጥቷል።

ሰውየው የቤት ደላላ ነው። ሥራው መሮጥ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ደላላ ከመሆኑ በፊትም ያው ነበር። ኩታበር ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ቁርኣን ቤት ሲገባ፣ ሌሎቹ ልጆች የእንጨት መጻፊያ ሉሃቸውን ታቅፈው ሲቀሩ እሱ የሸኹን በቅሎ ውሃ ላጠጣ እያለ ይነሳ ነበር። በቅሎዋ በቀን አምስት ጊዜ እየጠጣች ሆዷ ሊፈነዳ ሲደርስ ሸኹ ወደ አባቱ መለሱት። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዶ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ቀጥሎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አሥር ዓመት ሙሉ የሐረጎን ዳገት ወጣ ወረደ። በዚያ ሁሉ ዓመት ዓይኑ የነበረው ግን መሪው ላይ ነው። መንዳቱንም ሾፌሮቹ ሲደክማቸው እየተቀበለ ጥርት አድርጎ ለመደው።

የጎደለው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። የጽሑፉን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ወደቀ። ባለማወቅ አይደለም፤ ኮምፒውተር ፊት ለፊት መቀመጥ አቅቶት ነው። በመጀመሪያው ፈተና ጥያቄዎቹ ሳይጋመሱ የሚያውቀው ሰው ውጭ ሲጣራ ሰምቶ ተነሳ። በሁለተኛው ቶሎ ለመውጣት ብሎ ሁሉንም «ሐ» እያለ መልሶ በስድስት ደቂቃ ጨረሰ። ፈታኟ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ሊነዱ ሊሳፈሩም አይችሉም» አለችው ይባላል፤ ይቺን ሸሪፋ ጨምራበትም ይሆናል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሸሪፋ ወንድም ሁዘይፋ ኮምቦልቻ ውስጥ ሚኒባስ አለው፤ ሾፌሩም ሊለቅበት ነው። «ኑርሁሴን መንጃ ፈቃድ ካወጣ መኪናዋ የሱ ናት» ብሎ ላከባት። «ይህን ፈተና ከወደቀ ግን ሌላ ሰው እይዛለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።» ኑርሁሴን አርባ ሦስት ዓመቱን ይዟል። ጉልበቱ የደሴን ዳገት መማረር ጀምሯል፤ ድለላውም አንድ ቀን ያበላል፣ ሃያ ቀን ያስሮጣል። ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ባልም ሚስትም ያውቁታል።

ሁዘይፋ የፈተናውን ጥያቄዎች የያዘ አፕ የተጫነበት አሮጌ ታብሌትም አብሮ ላከ። ይሁን እንጂ የኑርሁሴን ስልክ ከባጃጅ ላይ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ የቀረው ከመደወል በቀር የማይሠራ ትንሽ ቀፎ ነበርና፣ ታብሌቱ እጁ እንደገባ መጀመሪያ የከፈተበት የደላሎቹን ቴሌግራም ነው። አንድ የመንገድ ምልክት ያያል፣ ሃያ የቤት ፎቶ ያያል። «ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ «ሁለት መኝታ፣ ውሃ የማይጠፋበት» የሚለውን ሊያሳይ ይሮጣል።

ሸሪፋ አራት ቀን ታገሰችው። በአምስተኛው ቀን ታብሌቱን በሻርፕዋ ጠቅልላ ሰኞ ገበያ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው አብርሃም ዘንድ ወሰደችው። እሷ እዚያው ገበያ በርበሬና ቅመም ስለምትሸጥ ከአብርሃም ጋር የቆየ ጉርብትና አላቸው።

«አብርሽ፣ ይኼ ዕቃ ከጥያቄው ሌላ ምንም እንዳይከፍት ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ እትዬ ሸሪፋ። አንዱን አፕ ብቻ ስክሪኑ ላይ አስረዋለሁ። የሚስጥር ቁጥሩን ያላወቀ ሰው ከሱ አይወጣም። ቁጥሩን ማን ይሙላ?»

«እኔ። አንተም ፊትህን አዙር።»

አብርሃም እየሳቀ ፊቱን አዞረ። ሸሪፋ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ ነካክታ ሞላች። እቤት ስትገባ ታብሌቱን ለባሏ ሰጥታ፣ «ወላሂ፣ ተፈትነህ ሳትመለስ ቁጥሩን አልነግርህም» አለችው። ሸሪፋ በርበሬዋ ባዕድ የለበትም ለማለት እንኳ የአላህን ስም የማትጠራ ሴት ናት። ኑርሁሴን ቀልዷን አለመሆኗን ያን ጊዜ አወቀ።

የተከተሉትን ቀናት እንዴት እንዳለፋቸው እሱ ይናገር። ታብሌቱን ወደ ላይ ቢጠርገው፣ ወደ ታች ቢጠርገው፣ አጥፍቶ ቢያበራው ያው የመንገድ ምልክት ነው የሚመጣው። አብርሃም ዘንድ ሄዶ ለመነ። «ፍላሽ ካላደረግኩት፣ ውስጡን ሁሉ ካላጠፋሁት፣ አይፈታም፤ ፍላሽ ካደረግኩት ደግሞ ጥያቄዎቹም ይጠፋሉ» ተባለ። በግቢው ዙሪያ እየዞረ፣ ታብሌቱን እንደ ሕፃን አቅፎ እየተመላለሰ ያነብ ጀመር። ቢበሳጭም ሌላ የሚያየው ነገር ስላልነበረ ማየቱ አልቀረም። ሳምንት ሲሞላው ከአሥር ጥያቄ ሰባት፣ ስምንቱን ይመልስ ነበር። ሸሪፋ ይህን አይታ በልቧ አልሐምዱሊላህ አለች።

ፈተናው ማክሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ ቀፎ ጮኸች። የደወለው ሙዓዝ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለ ደላላ። «ሰፊ ግቢ ተገኝቷል። ፎቶውን በቴሌግራም ለቅቄልሃለሁ፤ ገዢ ካለህ አሁኑኑ ይዘኸው ውረድ» አለው። ኑርሁሴን ገዢ ነበረው፤ ገዢው ግን ፎቶ ሳያይ ከደሴ የሚወርድ ሰው አይደለም። የሸሪፋ መደብ ጋ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

«ቁጥሩን ስጪኝ።»

«ምያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይኼ ቢሳካ የዓመት ኑሯችን ነው፣ ሸሪፋዬ።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ የት ይሄዳል? እፈተናለሁ! ለመሐላው ደግሞ ከፋራ አለው፤ አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። ከኮሚሽኑ በግ አርደን እናበላለን፣ ኢንሻአላህ። አብሽሪ!»

ሸሪፋ ቀና ብላ አየችው። እግሮቹ ቆመው እንኳ ይሄዱ ነበር። እምቢ ብትለው የተበላሸው ነገር ሁሉ በሷ ሊሳበብ ነው፤ ደግሞም አሳዘናት። ቁጥሩን በጆሮው ነገረችው። ከፋራ ያላት መሐላዋን ላፈረሰ ሰው የተደነገገውን ማካካሻ ነው፤ በግ የሚባለውን ግን ስታስበው በጉም፣ ኮሚሽኑም አልታያትም።

ልክ ነበረች። ኑርሁሴን ገዢውን ይዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሦስት ደላሎች እንደሱው ገዢ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የግቢው ባለቤት ብቅ ብሎ ትናንት ማታ ቀብድ መቀበሉን ነገራቸውና በሩን ዘጋ። ገዢው እየተራገመ ሄደ። ኑርሁሴን ባዶ እጁን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ።

ታብሌቱ ግን ተከፍቶ ቀረ። እሑድ ሙሉ ቀን አንድ ጥያቄ አላየም። የደላሎቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተጠራቀመው መልእክት አላልቅ ብሎት፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየጮኸ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ሊያሳይ፣ ሆጤ ሰፈር ሊያሳይ ሲሮጥ ዋለ። አንድም ቤት አላከራየም።

ሰኞ የገበያው ቀን ነው። ከኩታበር የሚመጣው ገበሬ፣ የከተማው ሸማች፣ ባጃጁና አህያው ተጠላልፎ መርገጫ በጠፋበት ቀትር ላይ ኑርሁሴን በዚያ ሲያልፍ ሸሪፋን አያት። ፊቷ አመድ መስሏል። ቅዳሜ ስለሠራው ሥራ ጸጸት ቢጤ ያዘውና ሻይና ፓስቲ ገዝቶ አመጣላት።

«ጾመኛ ነኝ» አለችው።

«የምን ጾም? ምን ወር ነው?»

«ያንተ ወር ነው። የነገርኩህን ቁጥር ነው የምጾመው።»

 ሸሪፋ ለአንዲት ሴት በርበሬ እየሰፈረች ነገረችው። ቅዳሜውኑ የመስጊዳቸውን ኢማም ሸኽ ጣሀን ጠይቃቸዋለች። አሥር ሰው ማብላት የማይችል ሦስት ቀን ይጹም ብለዋታል። በቤታቸው እንኳን ለአሥር ለሁለት ሰውም ተርፎ የሚቀመጥ እህል የለም። ትናንት አንድ አለች፣ ዛሬ ሁለተኛዋ ናት፣ ነገ ማክሰኞ ትጨርሳለች።

«ትናንትም ጾመሽ ነበር? እኔ አላየሁም እኮ!»

«መች ተቀምጠህ አየኸኝ?»

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። ኑርሁሴን ሻዩን ለጎረቤቷ ነጋዴ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ አብርሃም ሮጠ። «እሰርልኝ!» አለው ታብሌቱን እየወረወረለት።

«ቁጥሩን ማን ይሞላል?» አለ አብርሃም።

«ማንም ይሙላው! አንተ ሙላው!»

«እኔማ ነገ ለምነህ ታስነግረኛለህ፤ አውቅሃለሁ፣ ጋሼ። እትዬ ሸሪፋም ሁለተኛ እንደማይሞሉት ነግረውኛል። ከእንግዲህ ራስህን ካላሰርክ ይኼ ዕቃ አያስርህም።»

ኑርሁሴን ታብሌቱን መልሶ ተቀበለ። ተመልሶ ሄደና ከሸሪፋ መደብ ጎን የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ቴሌግራሙ ይጮሃል። እንዴት እንደሚያጠፋው ስላላወቀ እየጮኸ ተወው። ጥያቄዎቹን ከፈተ። የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሰዋል፤ ያስነጥስና ያነባል። የሚያውቁት ሰዎች «ኑሬ፣ ያ ቤት እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠሩታል። «ከነገ በኋላ!» ይላል ቀና ሳይል። እግሩ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ ብድግ ብሎ ነበር፤ ሁለቴም የደረቀውን የሸሪፋን ከንፈር አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እሷን ማየት ስለከበደው ስክሪኑን ብቻ አየ። ገበያው ሲበተን ጥያቄዎቹን ሁለት ጊዜ ዞሯቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መፈተኛው ደጃፍ ተገኘ። መብራት ጠፍቶ ነበር። «ሲመጣ ትገባላችሁ» ተባሉ። ተፈታኞቹ አንዱ ቁርስ፣ አንዱ ሲጋራ፣ አንዱ ጉዳይ አለኝ እያለ ተበተነ። ኑርሁሴን ወንበር ላይ ቀረ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከግቢው አጥር ማዶ ረዳቶች «ደሴ ደሴ ደሴ!» ይላሉ፤ አሥር ዓመት የጮኸው ጩኸት ነውና ልቡን እየጎተተ ሊያወጣው ነበር። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ይህቺ ሴት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው እያለ፣ በራሱ እያፈረ ተቀመጠ። መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተጠራውም እሱ ሆነ፤ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ከኮምፒውተሩ ፊት እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበ። ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰዓቱ ሲያልቅ ስክሪኑ ማለፉን አሳየው። ያቺው ፈታኝ ውጤቱን በትከሻው በኩል አይታ «እንዴ! ጋሼ?» አለች። ኑርሁሴን እንባው መጣበት፤ ሳያፍር በክንዱ ጠረገው።

ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ በየቦታው እየቆመ ሰው ሲያነሳ ፀሐይዋን በመስኮት ደጋግሞ አየ። በመግሪብ ሸሪፋ ጾሟን ሳትፈታ ሊደርስ ይፈልጋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤቱ ገባ። ሸሪፋ ተምሯን በሳህን ይዛ አዛን እየጠበቀች ነው። ፊቱን አይታ ማለፉን ስላወቀች ውጤቱን አልጠየቀችውም።

«ስንቴ ተነሳህ?» አለችው።

«አንዴም።»

«ወላሂ?»

 ኑርሁሴን ገበያ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የሚላት ቃል ነበረች፤ አሁን ከበደችው። ሄዶ ከሷ አጠገብ ተቀመጠና ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሆነውን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ ረዳቶቹን ሁሉ ሳያጋንን ነገራት። ሸሪፋ ፊቱን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችው። አዛኑ ተሰማ። ተምሯን አፏ ውስጥ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«በል እንግዲህ» አለችው፣ «አሁን ተነስና ውሃ አምጣልኝ።»