ለአባቴ ድምፅ የተፈለገው ወኪል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከኢድ በኋላ፣ እዚሁ ዳንግላ፣ በእህቴ በሀያት ኒካህ ቀን ነው። እህቴ ጫግኒ ገብታ ትዳሯን ይዛለች፣ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ያቺ ቀን ትዝ ስትለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የአማርኛ መምህሬ አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ መጻፍ ደፍሬያለሁ። እንግዲያው ያን ቀን ሳልጠግብ የተናገርኩትን ዛሬ ጠግቤ ልናገረው።

አባቴ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። በገበያ ቀን በአማርኛም በአገውኛም ደንበኛ ሲጣራ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በኋላ የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር ተገኘበትና ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈልን። ከሰመመኑ ሲነቃ ግን ድምፁ የለም። የድምፅ አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ በምግብ ቧንቧው ጎን ስለሚያልፍ ተጎድቷል፤ በጊዜ ሊሻለው ይችላል፣ ላይሻለውም ይችላል አሉን ሐኪሞቹ። የቀረለት ሻካራ፣ ነፋስ የበዛበት፣ ቶሎ የሚደክም ድምፅ ነው።

ሐኪሟ ስታሰናብተን እንዲህ አለችው፦ «አይጩሁ። ግን ደግሞ አያንሾካሹኩ፣ እሱም ጉሮሮን ያደክማል። ወደ ሰውየው ዞረው፣ አጠር አጠር አድርገው፣ በመሃል እየተነፈሱ ይናገሩ። ውሃ ሲጠጡ ትን እንዳይልዎት አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ።»

አባቴ ይህን ሁሉ ተማረ። አልማርም ያለው ሌላው ሰው ነው!

ሱቅ የሚመጣ ገዢ የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ወዲያው እሱም ማንሾካሾክ ይጀምራል። «ይሄ… ሜትሩ… ስንት ነው?» ይላል፣ ኮንትሮባንድ የሚገዛ ይመስል። ሌላው ደግሞ ጆሮው ሥር መጥቶ ይጮህበታል። «ተሻለዎት ወይ!» ኧረ የታመመው ጉሮሮው ነው፣ ጆሮው ምን አደረጋችሁ? የባሰባቸው ደግሞ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ እኔን ይጠይቁኛል። «አባትሽ እህል ይበላል?» «ያውና፣ እሱን ጠይቁት» ስል ባለጌ እባላለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የኒካሁን ግን አልቻልኩም።

በእኛ ኒካህ ልጅቷን የሚድራት አባቷ ነው። የሙሽራውን እጅ ይዞ «ድሬሃለሁ» ብሎ በአንደበቱ ይናገራል፤ ሙሽራው «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ሁለት ምስክሮችም ይሰማሉ። አባቴ ገና ሆስፒታል ተኝቶ፣ ድምፁ በቅጡ ሳይወጣለት፣ እናቴን ያላት ይህንኑ ነው፦ «ሀያትን ራሴ ነኝ የምድራት።»

ሠርጉ ሲቃረብ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ጀማል፣ ከእንጅባራ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ወንድም ጋሼ፣ እኔን ወክለኝና እኔ ልዳራት። ምስክር ካልሰማ ኒካህ የለም። በልጅቷ ትዳር ላይ ጥርጣሬ አናምጣ» አለው።

አባቴ ውሃውን ጎንጨት አለና «ይሰማሉ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ይሰማሉ ነው ያለው!» አልኩ እኔ። እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ገዢ ሳይመጣ፣ ሱቁ ውስጥ እንለማመድ ጀመር። አባቴ ከባንኮኒው ጀርባ ይቆማል፣ እኔ በሩ ላይ። «ልጄን ሀያትን…» ይልና ይተነፍሳል። «…ድሬሃለሁ።» ከሰማሁት እጄን አወጣለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቅኩ አስፋልቱ ጠርዝ ደረስኩ። አንድ ጠዋት አንድ ባለባጃጅ ቀዝቀዝ ብሎ ሲያልፍ አንገቱን አወጣና «ጋሼ፣ ለኔ ከሆነ ተቀብያለሁ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል አመጣበት፣ ሳሉ እንኳን ደስታ ነበረው። ባለባጃጅ ከነሞተሩ ጩኸት ከሰማ ምስክር እንዴት አይሰማም?

ቀኑ ደረሰ። ወንዶቹ ትልቁን ክፍል ሞልተው ተቀመጡ። እኔ የአባቴን ውሃ ስለያዝኩ በሩ ላይ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ከምስክሮቹ አንዱ የሠፈራችን ትልቅ ሰው ሐጂ ኑሩ ናቸው። አባቴ የሙሽራውን እጅ ያዘ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህም «በሉ እንግዲህ፣ ይናገሩ» አሉት።

አጎቴ ጣልቃ ገባ። «ሼሃችን፣ ወንድሜ እንደሚያውቁት ድምፅ የለውም። ወኪሉ እኔ ነኝ።»

ወኪሉ እኔ ነኝ! ማን ወከለህ? አባቴ አፉን ከፈተ፤ ግን ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ማውራት ጀምሯል። «አዎ፣ ይሻላል።» «አታድክሙት።» «እሱ ይረፍ።» ሁሉም ያዘነለት መስሎታል። በዚያ ጫጫታ የጡሩምባ ድምፅም አይሰማ። አባቴ እጁን ከሙሽራው እጅ ቀስ አድርጎ ሲያላቅቅ አየሁት።

እግሬ እንዴት እንደገባ አላውቅም። «አባዬ ማንንም አልወከለም! ዝም በሉና ስሙት!» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺን ልጅ አስወጧት» አለ አጎቴ። እኔ ብርጭቆውን ለአባቴ አቀበልኩት። አገጩን ዝቅ አድርጎ ጎንጨት አለ። የሙሽራውን እጅ እንደገና ያዘ፣ አሁን ጠበቅ አድርጎ።

«ልጄን ሀያትን…» ተነፈሰ። «…በተስማማንበት መህር…» ተነፈሰ። «…ድሬሃለሁ።»

ተመልሼ በሩ ላይ ሆኜ፣ መህሩን፣ ማለትም ለሙሽሪት የሚሰጠውን ጥሎሽ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ሰማሁት። ሙሽራው ከድንጋጤው የተነሳ «ተቀብያለሁ» ሲል ያነሰው የእሱ ድምፅ ነው።

«ሰማችሁ?» አሉ ሼሁ። አንደኛው ምስክር «ጥርት አድርጌ» አለ። ሐጂ ኑሩ ግን ዞር ዞር ብለው እያዩ «እ?» አሉ።

«ይኸው! አላልኩም?» አለ አጎቴ። ወደ ሐጂ ጎንበስ ብሎም በዚያ በትልቁ ድምፁ «ሐጂ! ሰሙ ወይ?» አላቸው።

«እ?»

ሼሁም ሞከሩ። «እ?» መጨረሻ ላይ ሐጂ ራሳቸው ገባቸውና ሳቁ። «እኔ እኮ ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ። ትልቅ ሰው ይቀመጥ ስትሉኝ ተቀመጥኩላችሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ነደድኩ እንጂ። የሐጂ ጆሮ እንደማይሰማ ዳንግላ በሙሉ ያውቃል! አክብረው መርጠዋቸው፣ ለሐጂ ጆሮ ወኪል ይምጣ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ለአባቴ ድምፅ ሲሆን ነው ሁሉም ዳኛ የሆነው።

ሐጂ የክብር ቦታቸው ላይ እንዳሉ ሌላ ምስክር ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። አባቴም ድጋሚ ተናገረ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎላ ያለ ነበር፤ ደስ ብሎት ሳይደግመው አልቀረም።

አጎቴ እስከ ዛሬ «ለኒካሁ ፈርቼ ነው» ይላል። መፍራቱ ይገባኛል፤ አባቴ ሳይወክለው ወኪሉ ነኝ ማለቱ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። የአባቴ ድምፅ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ማታ ማታ አሁንም ይጠፋል። ገዢዎቹ አሁንም ያንሾካሹካሉ። እኔም «ጆሮው ደህና ነው፣ እንደ ሰው ይናገሩ» እላለሁ፣ አሁንም ባለጌ እባላለሁ።

በቀደም ሱቁን ስንዘጋ አባቴ ወደኔ ዞረ። «ያንቺ ኒካህ ቀን…» ተነፈሰ። «…ውሃውን ማን ይይዝልኛል?»

«እኔው» አልኩት። ሙሽራ ናትና ትቀመጥ የሚል ካለ፣ እሱ ይምጣ!