በሁለተኛው አልበም ላይ «የሕዝብ» የተባሉት ግጥሞቼ

የበደለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሁለተኛ አልበሟ በወጣ ጊዜ። የመጀመሪያውን ካሴት ግጥሞች ቡራዩ ቤቴ ጽፌላት ሽፋኑ ላይ ስሜ ነበረበት። በሁለተኛው ግን በአራት ግጥሞቼ ሥር «ግጥም፦ የሕዝብ» ተብሎ ታተመ፤ ባለቤት የሌለው የጥንት ዘፈን ይመስል።

«ዜማው እኮ የገፈርሳ ሴቶች ነው፣ እትዬ» አለችኝ።

«ዜማው አዎ። ቃሉን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንቺ ሕዝብ አይደለሽም?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት ሰፈሬ ሳልደርስ ወራጅ እል ነበር።

ሦስተኛውን አልበም ራሷ ጻፈችው። ሰው ሁሉ በሰለች አለ። የእኔን ቃል ፍለጋ ቁጭ ብዬም፣ ግቢ ውስጥ እየተመላለስኩም ደጋግሜ ሰማሁት። አንድም የለበትም። ስለ እናቷ ሞት የጻፈችውን እኔ ልጽፈው አልችልም ነበር። ከስርቆቱ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ፤ እስከዚያ ድረስ ያለ እኔ መዝፈን አትችልም ብዬ እጽናና ነበር።

ዘንድሮ ለአራተኛው አልበም ግጥም ልትጠይቀኝ መጣች። የለኝም አልኳት። የግጥም ደብተሬን ሱሉልታ ለምትኖር ጀማሪ ዘፋኝ ሰጠሁ፤ ስሜ እንዲጻፍም አስፈረምኳት።